አልሚው የከፈለው ገንዘብ የት ይደርሳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰፈር ውስጥ ትልቅ ግንባታ ሲጀመር አንድ ወሬ አብሮ ይነሳል። «አልሚው ለካውንስሉ ይሄን ያህል ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሏል» ይባላል። አልሚ ማለት ግንባታውን የሚያካሂደው ባለሀብት ነው፤ ካውንስል ደግሞ የአካባቢው አስተዳደር። ዓመት ሁለት ዓመት ያልፋል። መናፈሻው ያው ነው። የአውቶቡስ ፌርማታው ያው ነው። ሰውም «ገንዘቡ ተበላ» ብሎ ይደመድማል። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ ብዬ ነበር። በኋላ የምኖርበትን ካውንስል ሰነዶች ቁጭ ብዬ ሳነብ ግን ገንዘቡ እዚያው ነበር። ካውንስሉ ከአልሚው ጋር በተፈራረመው ውል ላይ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር አስሮ ይዞት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያለሁ። የምጽፈው ስለ እንግሊዝ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልሚ ለካውንስል የሚከፍለው ለምንድን ነው?

200 ቤት ሲሠራ 200 ቤተሰብ ይገባል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይፈልጋሉ። መኪናው መንገድ ይፈልጋል። ከጣራና ከአስፋልት ላይ የሚወርደው ዝናብ መሄጃ ቦይ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ካውንስሉ ከነዋሪው ግብር ብቻ ይሸፍን ከተባለ፣ ነባሩ ነዋሪ ሌላ ሰው ላተረፈበት ከፋይ ይሆናል። ስለዚህ ከግንባታው የሚጠቀመው አልሚ ግንባታው ለሚያመጣው ጫና ድርሻውን ያዋጣል።

ክፍያው ስንት ዓይነት ነው?

ዋናዎቹ ሁለት ናቸው።

አንዱ ሴክሽን 106 ይባላል። ስሙን ያገኘው ከ1990ው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ አንቀጽ 106 ነው። ይህ ውል ነው። ካውንስሉና የመሬቱ ባለቤት ተደራድረው ይፈርሙታል። ግዴታው በገንዘብም በዓይነትም ሊሆን ይችላል። አልሚው መጫወቻ ሜዳውን ራሱ ሊሠራ ይችላል። ከቤቶቹ የተወሰኑትን በተመጣጣኝ ዋጋ ሊያቀርብም ይችላል። ውሉ የታሰረው ከመሬቱ ጋር ነው። መሬቱ ቢሸጥ ግዴታው ወደ ገዢው ይተላለፋል።

ሌላው የማኅበረሰብ መሠረተ ልማት ሌቪ (የግዴታ ክፍያ) ነው። ሰው የሚያውቀው ሲ አይ ኤል በሚለው ምኅጻሩ ነው። በ2008 በወጣ ሕግ ተፈቅዶ በ2010 ሥራ ላይ ዋለ። ይሄኛው ድርድር የለውም። ካውንስሉ አስቀድሞ የዋጋ ሰንጠረዥ ያወጣል፣ ገለልተኛ መርማሪም ያየዋል። ከዚያ በኋላ ክፍያው በካሬ ሜትር ይሰላል። አዲሱ ወለል 100 ካሬ ሜትር ከሞላ፣ ወይም መጠኑ ምንም ይሁን አዲስ መኖሪያ ቤት ከተፈጠረ ይከፈላል። ሲ አይ ኤልን ማስከፈል አለማስከፈል ግን የካውንስሉ ምርጫ ነው። ብዙዎች ያስከፍላሉ፣ የማያስከፍሉም ብዙ ናቸው።

ለጎረቤቶቼ ሳስረዳ እንዲህ እላለሁ። ሴክሽን 106 አድራሻ የተጻፈበት ፖስታ ነው። ሲ አይ ኤል የጋራ ቋት ነው። «ገንዘቡ የታለ?» የምትሉ ከሆነ መጀመሪያ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እወቁ። ይህን ሳይለዩ ስብሰባ መግባት ጊዜ ማባከን ነው።

ታዲያ ይሄ በገንዘብ ፈቃድ መግዛት አይደለም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕጉም ይህንኑ ፈርቶ አጥር ሠርቷል። የ2010 የሲ አይ ኤል ደንብ ቁጥር 122 ለሴክሽን 106 ሦስት ፈተና ያስቀምጣል። ግዴታው ግንባታውን ተቀባይነት ያለው ለማድረግ የግድ አስፈላጊ መሆን አለበት። ከግንባታው ጋር በቀጥታ መያያዝ አለበት። በመጠንም በዓይነትም ከግንባታው ጋር መመጣጠን አለበት። አንዱን ከወደቀ ካውንስሉ ፈቃድ የሚሰጥበት ምክንያት አድርጎ ሊቆጥረው አይችልም።

በዚህ ጉዳይ ፍርድ ቤቶች ጠንካራ ናቸው። በግሎስተርሺር ውስጥ በፎረስት ኦፍ ዲን አንድ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ነበር። አመልካቹ በየዓመቱ ከገቢው 4 በመቶ ለአካባቢው ማኅበረሰብ ፈንድ እሰጣለሁ አለ። ካውንስሉ ይህንን ከግምት አስገብቶ ፈቀደ። አንድ ነዋሪ ተከራከረ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2019 ፍርድ ቤቱ ለነዋሪው ፈረደ። ስጦታው ከመሬቱ አጠቃቀም ጋር የተያያዘ ስላልሆነ ሊቆጠር አይገባም ነበር አለ። ፈቃዱ ተሰረዘ።

ከዚያ በፊት ደግሞ የዊትኒ ጉዳይ አለ። ዊትኒ በኦክስፎርድሺር ያለች ከተማ ናት። ቴስኮ የተባለው ኩባንያ ሱፐርማርኬት ለመሥራት ፈልጎ ለከተማዋ የሚያስፈልገውን አገናኝ መንገድ ሙሉ ወጪ፣ 6.6 ሚሊዮን ፓውንድ፣ እሸፍናለሁ አለ። ሚኒስትሩ ግን ለዚህ ቃል ብዙም ክብደት አልሰጡትም። መንገዱ ከሱፐርማርኬቱ ጋር ያለው ግንኙነት ጠባብ ነበር። በ1995 የጌቶች ምክር ቤት ችሎት፣ ያኔ የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት፣ ውሳኔያቸውን አጸናው። ፈቃዱ የተሰጠው ለተፎካካሪው ነው።

ስለዚህ በስብሰባ ላይ «ይሄን ሁሉ ፎቅ ከፈቀዳችሁለት ሌላ ሰፈር ያለውን መዋኛ ይጠግንልን» ማለት አያስኬድም። ከግንባታው ጋር የሚያያዝበትን ምክንያት ማሳየት አለባችሁ።

የሴክሽን 106 ገንዘብ የት እንደሚውል የሚወስነው ማነው?

ውሉ ነው። ውሉ ደግሞ የሚጻፈው ፈቃዱ ከመውጣቱ በፊት ነው። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንን ያዙ።

ሁለት አጻጻፍ አስቡ። አንዱ ውል «በዎርዱ (በምርጫ ቀጠናው) ውስጥ ያሉ ክፍት ቦታዎችን ለማሻሻል» ይላል። ሌላው «የእገሌ ሜዳን ሣር ለመተካት» ይላል። መጀመሪያው ሰፊ ነው፤ ካውንስሉ እንደሚመቸው ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ሁለተኛው ጠባብ ነው፤ ለሌላ ነገር መንካት አይቻልም። ሁለቱም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ሰፊው ገንዘቡን ከእናንተ መንገድ ሊያርቅ ይችላል። ጠባቡ ሁኔታ ሲለወጥ ገንዘቡን ያስራል።

እኔ ያነበብኩት ውል ጠባቡ ነበር። የአንድ ሜዳ ስም ይጠራል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ለሜዳው ሌላ ዕቅድ ወጣ። ገንዘቡ ግን ያን ሜዳ ከመጠበቅ በቀር የትም መሄድ አልቻለም። ከዚህ መውጫው ሁለቱም ወገኖች ተስማምተው ውሉን ማሻሻል ነው። ያ ደግሞ የሕግ ባለሙያ፣ ጊዜና የአልሚውን በጎ ፈቃድ ይጠይቃል። ያኔ ግን አልሚው ቤቱን ሸጦ ጨርሶ ሄዷል። ለመፈረም ምን ያስቸኩለዋል?

ቤቶቹ ተሠርተው ሰው ገብቶባቸዋል። ትምህርት ቤቱ የታለ?

ይህ በጣም የሚያናድድ ነገር ነው። የሰው ንዴት እውነተኛ ምክንያት አለው።

አልሚው ሁሉንም ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን አይከፍልም። ውሉ የመክፈያ ደረጃዎችን ያስቀምጣል። አንዱ ክፍያ ቁፋሮ ሲጀመር፣ ሌላው የመጀመሪያው ነዋሪ ከመግባቱ በፊት፣ ሌላው ለምሳሌ 50ኛው ቤት ሰው ሲገባበት ሊሆን ይችላል። አልሚው መጀመሪያ ቤት ሸጦ ገንዘብ ማግኘት ስላለበት ክፍያዎቹን ወደ ኋላ እንዲገፉለት ይደራደራል። ሽያጩ ከቀዘቀዘ 50ኛው ቤት ሳይደረስ ዓመታት ያልፋሉ። ልጆቹ ግን ያድጋሉ።

ሌላም አለ። አንድ ግንባታ ብቻውን ትምህርት ቤት አይሠራም። የብዙ ግንባታ መዋጮ መጠራቀም አለበት። ከ2015 እስከ 2019 ድረስ ደግሞ ለአንድ ፕሮጀክት ከአምስት ውል በላይ ማዳመር በሕግ የተከለከለ ነበር። ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ ይህ ገደብ ተነስቷል። የቆዩ ፕሮጀክቶች ለምን እንደተጓተቱ ስትጠይቁ አንዱ መልስ ይህ ሊሆን ይችላል።

በብዙ የእንግሊዝ አካባቢ ደግሞ ካውንስሉ ሁለት ደረጃ ነው። የፕላኒንግ ፈቃድ የሚሰጠው ዲስትሪክት ካውንስሉ ነው። ትምህርት ቤትና መንገድ ግን የካውንቲው ሥራ ነው። ከአዲሶቹ ቤቶች ስንት ተማሪ እንደሚመጣ አስልቶ ገንዘቡን የሚጠይቀው ካውንቲው ነው። ዲስትሪክቱን ብትጮሁበት «ካውንቲውን ጠይቁ» ይላችኋል። ሽሽት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን እውነቱን ነው።

የጂፒ (የቤተሰብ ሐኪም) ክሊኒክስ? ሕንፃው አለ፣ ሐኪም ግን የለም።

የሴክሽን 106 ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚውለው ለግድግዳና ለዕቃ ነው። ክሊኒክ ማስፋት ይችላል። ሐኪም መቅጠር የጤና አገልግሎቱ ሥራ ነው። ካውንስል ጂፒን አስገድዶ ሊያስከፍት አይችልም። ስለዚህ «ክሊኒክ ይሠራል» የሚል ቃል ስትሰሙ ማን እንደሚያንቀሳቅሰው አብራችሁ ጠይቁ።

የሲ አይ ኤል ገንዘብ እንዴት ይከፋፈላል?

በቁጥር እንየው። ዋጋው ለምሳሌ ያህል በካሬ ሜትር 100 ፓውንድ ነው እንበል። ግንባታው 2,000 ካሬ ሜትር ቢሆን ክፍያው 200,000 ፓውንድ ይሆናል። ካውንስሉ ለአስተዳደር ወጪ እስከ 5 በመቶ፣ ማለትም እስከ 10,000 ፓውንድ፣ መውሰድ ይችላል። 15 በመቶው፣ 30,000 ፓውንድ፣ ግንባታው ላለበት አካባቢ ይለያል። የቀረው 160,000 ወደ ዋናው ቋት ይገባል።

ከዋናው ቋት የሚወጣው ለመሠረተ ልማት ነው። ሕጉ መንገድና ትራንስፖርትን፣ የጎርፍ መከላከያን፣ ትምህርት ቤትን፣ የሕክምና ተቋምን፣ የስፖርትና የመዝናኛ ቦታን፣ ክፍት ቦታን ይጠቅሳል። ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ቤት በዚህ ገንዘብ አይሠራም፤ ያ በሴክሽን 106 ነው የሚመጣው።

አሠራሩ ከካውንስል ካውንስል ይለያያል። በብዛት ግን እንዲህ ይሄዳል። ካውንስሉ ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚያስፈልገውን መሠረተ ልማት የሚዘረዝር ዕቅድ አለው። የመንገድ፣ የመናፈሻ፣ የትምህርት ክፍሎች ከዚያ ውስጥ የራሳቸውን ፕሮጀክት ይዘው ይቀርባሉ። ኦፊሰሮች፣ ማለትም የካውንስሉ ሠራተኞች፣ ያወዳድሩታል። ሌላ የገንዘብ ምንጭ ያለው ፕሮጀክት ቅድሚያ ያገኛል። መጨረሻ ላይ የሚያጸድቀው አብዛኛውን ጊዜ ካቢኔው፣ ማለትም ካውንስሉን የሚመሩት ተመራጮች ቡድን፣ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የፕላኒንግ ኮሚቴ ሌላ፣ ገንዘቡን የሚመድበው አካል ሌላ ነው። ሰው እዚህ ላይ በጣም ይሳሳታል። በፕላኒንግ ኮሚቴ ፊት ሦስት ደቂቃ ተናግሮ ስለ ቋቱ የተከራከረ ይመስለዋል።

ቋቱ ሁሌም ከፍላጎቱ ያነሰ ነው። አንዳንድ ካውንስል ለትልቅ ፕሮጀክት ለዓመታት ያጠራቅማል። ማጠራቀም በራሱ ጥፋት አይደለም። ለምን እንደሚጠራቀም ሳይናገሩ ማጠራቀም ግን ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ።

ለሰፈሩ የሚለየው ገንዘብስ? በእሱ ላይ ድምፅ አለን?

አላችሁ። ነዋሪ በቀጥታ ሊነካው የሚችለው ክፍል ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ፓሪሽ ካውንስል፣ ማለትም ከዋናው ካውንስል በታች ያለ የመንደር ወይም የትንሽ ከተማ ካውንስል፣ ባለበት ቦታ 15 በመቶው ለፓሪሹ ይሰጣል። ጣሪያ አለው፤ በዓመት ለአንድ ግብር ከፋይ ቤት 100 ፓውንድ ሆኖ ከዋጋ ንረት ጋር ያድጋል። ሰፈሩ በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀ የራሱ የሰፈር ፕላን ካለው ግን ድርሻው ወደ 25 በመቶ ይወጣል፣ ጣሪያውም ይነሳል። በላይኛው ምሳሌ ከ30,000 ወደ 50,000 ፓውንድ ማለት ነው። የሰፈር ፕላን ማዘጋጀት ዓመታት የሚወስድ አድካሚ ሥራ ነው። ብዙ ግንባታ ለሚመጣበት ሰፈር ግን ድካሙ የሚክስ ነው።

ፓሪሹ ገንዘቡን ከዋናው ቋት በሰፋ መንገድ መጠቀም ይችላል። መሠረተ ልማት ብቻ ሳይሆን ግንባታው በአካባቢው ላይ ያመጣውን ጫና የሚያቃልል ሌላ ነገርም ይፈቀዳል። በ5 ዓመት ውስጥ ካልተጠቀመበት ግን ካውንስሉ መልስ ሊለው ይችላል።

ፓሪሽ በሌለበት፣ እንደ አብዛኛው ለንደን ባለ ቦታ፣ ገንዘቡ ካውንስሉ ዘንድ ይቆያል። ካውንስሉ ግን ነዋሪውን አማክሮ ማውጣት አለበት። የምክክሩ መልክ በየቦታው ይለያያል። በለንደን በሚገኘው ካምደን ካውንስል የየዎርዱ ተመራጮች የአካባቢውን ቅድሚያ ይለያሉ። ሲቲ ኦፍ ለንደን የተባለው ካውንስል ደግሞ ማኅበራት የሚያመለክቱበት ፈንድ አድርጎታል። የእናንተ ካውንስል የትኛውን መንገድ እንደያዘ ለማወቅ የዎርዳችሁን ካውንስለር (ተመራጭ) በኢሜይል ጠይቁ።

አልሚው «አያዋጣኝም» ብሎ ክፍያውን ማስቀነስ ይችላል?

ሲ አይ ኤልን በጣም በተለየ ሁኔታ ካልሆነ አይችልም። ሴክሽን 106ን ግን ይሞክራል፣ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። የሚያቀርበው የአዋጭነት ጥናት ይባላል። የሽያጩን ገቢ፣ የግንባታውን ወጪ፣ የመሬቱን ዋጋና ትርፉን ያሰላና «ይሄን ሁሉ ከከፈልኩ ሥራው አይሄድም» ይላል። መጀመሪያ የሚቀነሰው ብዙውን ጊዜ ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ቤት ነው። ይህ ልቤን ያቃጥለዋል።

ሁለት ነገር እወቁ። በመንግሥት መመሪያ መሠረት አልሚው ለመሬቱ ብዙ መክፈሉ ግዴታውን ለመቀነስ ምክንያት አይሆንም። «መሬቱን ተወድጄ ነው የገዛሁት» የራሱ ጉዳይ ነው። ይኸው መመሪያ ከጠቅላላ ሽያጩ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ትርፍን ተገቢ አድርጎ ይወስዳል። ጥናቱም ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። የካውንስሉ የፕላኒንግ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ቁጥሩን ለማንበብ የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አልሚው ቤቶቹን ስንት እሸጣለሁ እንዳለና በሰፈሩ ተመሳሳይ ቤት ስንት እየተሸጠ እንደሆነ ማወዳደር ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ለንደን ውስጥ ከንቲባውም ያስከፍላሉ ይባላል። እውነት ነው?

አዎ። ከ2012 ጀምሮ የለንደን ከንቲባ የራሱ ሲ አይ ኤል አለው። ከካውንስሉ በላይ ተደርቦ ይከፈላል። የሄደውም በ2022 ለተከፈተው የኤልዛቤት መስመር ባቡር ነው። በኤፕሪል 2019 ሥራ ላይ የዋለው ሰንጠረዥ እንደ አካባቢው 80፣ 60 እና 25 ፓውንድ በካሬ ሜትር ብሎ ጀመረ።

የራሴን ቤት ባሰፋስ?

ጭማሪው ከ100 ካሬ ሜትር ካነሰ ሲ አይ ኤል የለም። ለራሳችሁ መኖሪያ አዲስ ቤት ከሠራችሁም ነፃ መሆን ትችላላችሁ፤ ቤቱ ውስጥ 3 ዓመት መኖር ይጠበቅባችኋል። ግን በጣም ተጠንቀቁ። ነፃ መሆኑን ጠይቃችሁ መልሱን ማግኘት ያለባችሁ አንድ አካፋ አፈር ከመነሳቱ በፊት ነው። ሥራ ከተጀመረ በኋላ መጠየቅ አይቻልም።

ገንዘቡ ሳይወጣ ጊዜው ቢያልፍስ?

ብዙ ውሎች የጊዜ ገደብ አላቸው። 5 ወይም 10 ዓመት የተለመደ ነው። ካለፈ አልሚው ገንዘቡን መልሱልኝ ሊል ይችላል። ለልጆች ዥዋዥዌ የተከፈለ ገንዘብ ወደ ኩባንያ ሲመለስ ማየት ያሳፍራል።

መከታተያው አለ። ከ2020 ጀምሮ ሲ አይ ኤል ወይም ሴክሽን 106 የሚሰበስብ ካውንስል በየዓመቱ እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ የመሠረተ ልማት ገንዘብ መግለጫ ማውጣት አለበት። ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ፣ ስንት ገና እንዳልተነካ ይነግራል። የካውንስላችሁን ስምና ይህን ርዕስ ብትፈልጉ ይወጣል። መግለጫው ላይ ያልተብራራ ነገር ካለ በ2000 በወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግ መጠየቅ ትችላላችሁ። መልሱ በ20 የሥራ ቀን መምጣት አለበት። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ከዚህ የፈቃድ ቁጥር የመጣው ገንዘብ ስንት ነው? ምን ያህሉ አልወጣም? መመለሻ ቀኑ መቼ ነው?» ሦስተኛዋን ጥያቄ አትርሱ። ቀኑ ቅርብ ከሆነ ለካውንስለራችሁም ላኩለት።

ስኮትላንድም እንዲሁ ነው?

አይደለም። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ሲ አይ ኤል የላቸውም። በየራሳቸው ሕግ የሚሠሩበት የውል ዓይነት አላቸው። ዌልስ ሁለቱም አሉት።

ሥርዓቱ ሊቀየር ነው የሚባለውስ?

በ2023 በወጣ ሕግ ሁለቱን በአብዛኛው የሚተካ አዲስ ሌቪ ታስቦ ነበር። በ2024 ሥልጣን የያዘው መንግሥት ግን እንደማይተገብረው አስታወቀ።

እኔ ተራ ነዋሪ ነኝ። መቼ ነው መናገር ያለብኝ?

ማመልከቻው ሲገባ። ፈቃዱ ወጥቶ ክሬን ከቆመ በኋላ ውሉ ተፈርሟል። ማመልከቻ ሲገባ ለአስተያየት ቢያንስ 21 ቀን ይሰጣል። ተከራይም ብትሆኑ፣ የመምረጥ መብት ባይኖራችሁም መጻፍ ትችላላችሁ።

«ግንባታውን እንቃወማለን» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። «ከተፈቀደ ግን» ብላችሁ ቀጥሉ። ማቋረጫው አደገኛ የሆነበትን መንገድ በስሙ ጥሩ። የትኛው መጫወቻ ሜዳ እንደሚጣበብ፣ ከግንባታው ስንት ደቂቃ በእግር እንደሚያስኬድ ጻፉ። የአዲሶቹ ቤቶች ልጆች ለምን እዚያ እንደሚሄዱ አስረዱ። ኦፊሰሩ ሦስቱን ፈተናዎች ማሟላት አለበት። እናንተ ማስረጃውን ካቀበላችሁት ውሉ ውስጥ ለማስገባት ይቀለዋል።

ማኅበራችን ከሰፈሩ ድርሻ ገንዘብ መጠየቅ ይችላል?

ካውንስላችሁ ለማኅበራት ክፍት አድርጎት ከሆነ ይችላል። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው በሐሳቡ ድክመት አይደለም። አመልካቹ ፕሮጀክቱን ከግንባታው ጋር ሳያያይዘው ስለሚቀር ነው። «አዳራሻችን አርጅቷል» አይበቃም። «በዚህ መንገድ አዲስ ቤቶች ከተሠሩ ወዲህ አዳራሹን የሚጠቀመው ሰው ጨምሯል፣ ይኸው የመዝገባችን ቁጥር» በሉ። ሕንፃው የእናንተ ካልሆነ የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ አያይዙ። ለአምልኮ ብቻ ለሚውል ቦታ ማግኘት ከባድ ነው፤ አዳራሹ ለሁሉም ሰው ክፍት ከሆነ ያንን በግልጽ አሳዩ። ዕድሳቱ ካለቀ በኋላ መብራቱንና ጥገናውን ማን እንደሚከፍልም ጻፉ፤ ኦፊሰሮቹ ይህንን ሳይጠይቁ አይቀሩም።